የልብ ድካም

ዶክተሯ ወረቀቱን ገልጣ፣ «በቤተሰብ ውስጥ
የልብ ሕመም አለ?» ብላ ጠየቀች።
«አዎ፣ አባቴ» አለ ያፌት፣
ባለፈው ወር ዐሥራ ስድስት የሞላው ወንድሜ።
እኔ ጓንቴን አወለቅሁ፤ መልሼ አጠለቅሁ።
ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የሳንባ ሥዕል አለ፤
እሱን አየሁ።

ውሸቱ የእማዬ ነው፤ ለክፋት አይደለም።
ኤድመንተን፣ ጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
የፖሊሶቹ ቦቲ ያስገባው በረዶ
ምንጣፉ ላይ ገና ሳይቀልጥ
ለእድሩ ዳኛ ደወለች፤
«ልቡ ነው» አለች። «ሌሊት። ልቡ።»
ፍትሐት እንዳይከለከል፣
ስሙ በየሰው አፍ እንዳይንከባለል፣
ጌታሰው በልቡ ሞተ።
ለቀስተኛው በአዳራሹ ወንበር ላይ
የገዛ ደረቱን እየዳበሰ አለቀሰ፤
«ጨው አብዝቶ ነው»፣ «የማታ ፈረቃው ነው» ተባለ፤
አንዷ፣ «ምነው ለሐኪም በነገረ» አለች።
እሷስ እውነቷን ነበር።

እኔን ጓዳ ጠርታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤
እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።
«አንቺ ትልቅ ነሽ» አለችኝ።
ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ወዲህ
ያነስሁበትን ቀን አላስታውስም።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም፤
በዚያ ሌሊት አባዬ ውጭ ወጥቶ
የመኪናችንን ሞተር ማሞቂያ ሶኬት ላይ ሰክቷል።
ጧት እማዬ ቁልፉን ስታዞር
አንዴ አስነጥሳ ተነሣች፣ እንደ በጋ ቀን።
ነገን የማይፈልግ ሰው የነገን መኪና ያሞቃል?
ወይስ ነገ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፣
ለእኛ ብቻ?
ማንን ልጠይቅ? በልቡ ለሞተ ሰው
እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም።

ያፌት ሆኪ የተወው በዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው።
መንሸራተቻ ጫማውን ምድር ቤት ወረወረው፤
ለምን ብሎ የጠየቀው የለም።
ደረጃ መሃል ላይ ይቆምና
ሁለት ጣቱን አንገቱ ሥር አድርጎ ይቆጥራል፤
ማታ ከግድግዳው ወዲያ ሲቆጥር እሰማለሁ፣
ሰባ አንድ፣ ሰባ ሁለት፣
እሱን እንቅልፍ እስኪወስደው፣ ወይም እኔን።
ከሐሜት ልንጋርደው
በገዛ ደረቱ ውስጥ ቀበርነው።

ማሽኑ ረጅም ወረቀት ተፋ፤
ዶክተሯ አየችውና ፈገግ አለች።
«ይህ ልብ ምንም አልሆነም። የፈለግኸውን ያህል ሩጥ።»
ያፌት አላመናትም። እኔን አየ።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነገርሁት፣
መስታወቱ በትንፋሻችን እስኪሸፈን።
በአማርኛ ጀመርሁ፤ አማርኛዬ
«ራሱን» የሚለው ቃል ላይ ቆመ፤
የቀረውን እሱ ጨረሰው።
ይጮኻል ብዬ ነበር። እማዬን ይረግማል ብዬ ነበር።
«ታዲያ» አለ፣ «እስካሁን መሮጥ እችል ነበር?»

በሩን ከፍቶ ወጣ።
ጃኬቱን ሳይዘጋ፣ ጨው በበላው በረዶ ላይ፣
በተደረደሩት መኪኖች መሃል ሮጠ፤
ሲያስቅ፣ ሲያሳዝን፣ እንደ ጥጃ እግሩ እየከዳው
አጥሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ፤ ደግሞ ሮጠ።

እኔ ቃሉን ይዤ ቀረሁ። የልብ ድካም።
ዘጠኝ ዓመት በሰሙ ስምል ኖሬ
ወርቁን ያየሁት ዛሬ፤
ልብ ደከመ። ሌላ ምን ማለት ነው?

ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት፤ ከሥራ፣ በዕረፍት ሰዓቷ።
«ልቡስ?» አለች። «ልቡን ምን አሉት?»
አፌን ከፈትሁ።
ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ
ስልኩን ወደ ውጭ ያዝሁላት፤
ያፌት እያለከለከ ይመጣል፣
እጁ አንገቱ ሥር የለም።