ጠብታ ከላይ ቤት

አሽቀሎን በሰኔ፣ አየሩ እንደ ሾርባ፤
ያሰጣሁት ፎጣ እንደረጠበ ገባ።
ሌሊቱን ሆስፒታል ወለል ስወለውል አድሬ፣
ማለዳ በአውቶቡስ ስመለስ ሰፈሬ፣
መስኮቱን ዘግቼ፣ መጋረጃ ስቤ፣
ገና ጋደም ስል፣ ሳይረጋ ልቤ፣
ጠብ።
ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ ጠብ።

ከላይ ቤት ማዝጋን ነው፣ ያ ብርድ አምራች ሣጥን፤
ማንም ሳይጠይቀው ውኃ ይተፋል በመጠን።
የመስኮቴ ቆርቆሮ ከበሮ ሆነለት፤
ስቆጥር፣ ስቆጥር፣ ቀኑ መሸለት።

በሦስተኛው ቀን ግን ትዕግሥቴ አለቀ፤
ነጠላ ጫማዬ ደረጃውን ደለቀ።
«አይናዲስ! አይናዲስ! ክፈቺ በሩን!» ብዬ፣
የምናገረውን ደርድሬ፣ ስዬ።
የከፈተው ግን ልጇ ነው፣ ኢታማር፤
ጥርሱ ላይ ሽቦ አለው፣ ንግግሩ ግን ማር።
በእጁ መለኪያ ብርጭቆ፣ በጆሮው እርሳስ፤
«እቴ የሺወርቅ፣ ቀስ! እንዳይፈስ፣ ቀስ!»

በረንዳው ላይ ባልዲ፣ ባልዲው ላይ ምልክት፣
ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ፣ በሰዓት በሰዓት፦
ስምንት ሰዓት፣ አንድ ሊትር። ዘጠኝ፣ ሊትር ከሩብ።
«ቱቦውን ከአሸንዳ ነቅዬ ነው» አለኝ፤ «ባልዲው ሲሞላ፣
ትምህርት ቤት እያለሁ ይፈሳል ወደ ታች፣ ወዳንቺ ከለላ።»
«አንቺ» ነው የሚለኝ፤ የዚህ አገር ልጅ ነው፣ «እርስዎ»ን አያውቅም፤
ተቆጥቼ መጣሁ፤ ፊቱን ሳየው ግን ቁጣዬም አይዘልቅም።

«ከየት ነው ግን ውኃው? ማን ቀድቶ ሞላበት?
ቧንቧ አልተቀጠለም፣ ከሥር ምንጭ የለበት!»
ሳቀና ከፍሪጅ ጠርሙስ አወጣልኝ፤
«ያዢው፣ ተመልከቺ፣ ጥቂት ታገሺልኝ።»
ደረቁ ጠርሙስ እጄ ላይ አላበው፤
ማንም ሳይነክረው፣ ማንም ሳያጥበው።
«አየር ባዶ አይደለም፤ ውኃ ነው ያዘለው፣
ከባሕር የተነነ፣ ከሣር፣ ካሰጣነው
ልብስ፣ ከአፋችን ትንፋሽ፣ ከላባችንም ጭምር፤
ቀዝቃዛ ሲነካ፣ ተን ከተን ሲደመር፣
ጠብታ ይሆናል፤ ያኔ ነው መውረድ የሚጀምር።

ደግሞ ነጻ አይምሰልሽ፤ ብርዱን ለኛ ሰጥቶ፣
ሙቀቱን ደጅ ይደፋል፣ በኋላው በኩል አውጥቶ፣
ፌርማታው ላይ ለቆሙት።» እዚያ ነው የምቆም እኔ፤
«ለካ ያ ወላፈን የናንተ ነው!» አልኩት፣ ፈጥጦ ዓይኔ።

ከአፋችን ትንፋሽ ሲል ግን ሐሳቤ ሄደ ወደማድርበት፣
በሽተኛው አፍ ላይ የኦክስጅን ጭምብል ካለበት፦
ጉም ይለብሳል ጭምብሉ፣ ይጠራል መልሶ፣
መወልወያዬን ይዤ እጠብቃለሁ፣ እስኪጎም ደርሶ።
ጉሙ ካለ፣ ሰው አለ፤ ይኸን አውቅ ነበረ፤
ለምን እንደሚጎም ግን፣ ማን አስተማረ?

«ይጠጣል?» አልኩትና ብርጭቆውን አነሣሁ፤
ኩላሊቴ ጠጠር አለው፤ ሐኪም ውኃ ጠጪ ሲለኝ እየረሳሁ።
«አይሆንም!» ነጠቀኝ። «ንጹሕ ይመስላል እንጂ፣ ጠረኑን አሽቺው፤
አቧራ፣ ሻጋታ፣ ብረት ቀምሷል፤ ለአበባ ነው፣ ለሰው አትስጪው።»
ከቧንቧ ሌላ ቀድቶ ሰጠኝና፣ እስክጨርስ ቆመ፤
«ሽንትሽ ነጣ ይበል፤ ከጠቆረ ጠምቶሻል» ሲለኝ፣
እንኳን እኔ፣ ግድግዳው ተገረመ።

«እንቅልፍ የለኝም» አልኩት፤ «ጠብታ ስቆጥር ነው የምውል።»
እርሳሱን ከጆሮው መዘዘ። «ስንት?» አለ። «ስንት ይሆናል?»
«ትናንት ከሦስት እስከ አራት፣ አራት ሺህ ከሠላሳ ጠብ።»
ሠንጠረዡ ላይ ጻፈው፣ እንደ ትልቅ ሐሳብ።
ከዳር አንድ መስመር ጨመረ፣ በዕብራይስጥ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፤
«ታዛቢ፦ የሺወርቅ፣ ታችኛው ፎቅ» ብሎ፣ ስሜን ከስሙ ጋራ።

አሁን ቱቦው ረዝሟል፤ ከነሱ በረንዳ ወደኔው መውረዱ፣
ከበሶብላዬ አጠገብ፣ ባልዲ ውስጥ ያበቃል መንገዱ።
ቆርቆሮው ዝም ብሏል። ከሥራ ስመለስ፣
ከመተኛቴ በፊት ባልዲው ላይ ጎንበስ
ብዬ አያለሁ፤ እጽፋለሁ ሁለት ቁጥር፦
የማሽኑን ውኃ። እኔ የጠጣሁትንም ጭምር።