ያዋጣል ወይ?

ወሩ ሲገባደድ፣ ቡሬ፣ በርበሬ ተራ ላይ፣
አንማው ብቅ አለ ከሚዛኔ በላይ፤
ደብተሩን በብብቱ፣ እስክሪብቶውን በጆሮ፣
እያስነጠሰ መጣ እንደ ወትሮ፣ እንደ ድሮ።

«የእድር» አለኝ። እኔም ኪሴን ዳበስሁና
«ነገ» አልሁት፣ «ዛሬ ሌላ ከፍያለሁና።»
በጠዋት ለይኸነው፣ ባሕር ዳር ላለው፣
የባንክ ካርድ ለተረፈው፣ ኮሚሽን ለሚበላው፣
ልኬ ነበር የወሩን፣ የጨዋታዬን በር
የሚያስከፍትልኝን፣ ውጭ እንዳላድር።

«የምን?» አለኝ አንማው፣ ዲማ ቅኔ ቤት ያደገ፤
«ጨዋታ» ስለው ጊዜ ገበጣ ፈለገ።
ምስሉን አሳየሁት፦ ባለ ሰባት በር ከተማ፣
ዘንዶ በድልድዩ ላይ፣ ሠላሳ ሰው በጨለማ።
«ይሄ ማነው?» «እኔ ነኝ።» «ጋሻህስ?» «የለኝም፤
ከኋላቸው ቆሜ ቁስል ነው የማክም።»
«ወር ሳትከፍል ብትቀር?» «በሩ ይዘጋብኛል።»
«ያጠራቀምኸውስ?» «እዚያው ይቀርልኛል።»
«ይቀርልኛል? ወይስ ይቀርብኛል?» አለና ሳቀ፤
የበርበሬው ብናኝ ሳቁን መሃል አነቀ።

«ንገረኝ እስቲ ልጄ» አለ አፉን ጠራርጎ፣
«ያዋጣል ወይ?» ቃሉን ባለ ሁለት ስለት አድርጎ።

መልስ አጣሁ። ወይም መልሱ በዝቶ ተጋፋኝ።
እናስላው ካልንማ ሒሳቡ አይደግፈኝ፦
ከሠላሳ ሌሊት ዐሥሩን መብራት ሲወስድ፣
ዐሥሩ በኔትወርክ፣ አምስቱ በእንቅልፍ ሲሄድ፣
አምስት ሌት ለመጫወት የወር እከፍላለሁ፤
የኔ ባልሆነ ቤት ምሰሶ አቆማለሁ።

ነፃ የሚባለውን አየሁት፣ በሩ ወለል ያለ፣
ካስገባህ በኋላ ኪስህን የተከተለ፤
ለኮርቻው ሳንቲም፣ ለእርካቡ ሳንቲም፣
በአባቱ ገንዘብ የጀገነ ሕፃን አንችልም።
ይሄኛው ቢያንስ ደጁ ላይ ዋጋውን ይነግራል፤
ከገባህ ወዲያ ግን ሁሉ እኩል ይቸገራል።

ደግሞ አንድ ሌሊት አለ፣ ለማንም ሳልነግር የያዝሁት፤
ዘንዶው ደጃፍ ደርሰን መብራቱን በድንገት ያጣሁት።
ሁለት ሰዓት ተኩል በሻማ ቁጭ ብዬ፣
«ትተውኝ ሄደዋል» ስል ራሴን አባብዬ፣
መብራት መጣ፣ ገባሁ፤ ሃያ ዘጠኝ ሰው
እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ሐኪሙን ጠበቀው፤
ማኒላ ሲነጋ፣ ዋርሶ በእኩለ ሌሊት፣
የቡሬን መብራት ኃይል ሲጠብቁ በጸሎት።

ከነዚያ አንዱ ጠፋ። «ሽበት» ነበር ስሙ፤
መጥረቢያውን ይዞ ፊት ነበር አቋሙ።
ስንት ጊዜ አከምሁት፣ ስንት ጊዜ ወድቆ፣
«ተባረክ፣ ቡሬ» ሲለኝ፣ ከመሬት ተነሥቶ፣ ስቆ።
አራት ወር ሆነው። በሩ ተዘጋበት።
ሞቶ ይሁን፣ ገንዘብ አጥሮት፣ ማን ይወቅለት?
ያ ሁሉ ከተማ፣ ያ ሁሉ ግንብና ማማ
ጥሩምባ ነፊ የለው፣ የሰው ሞት ሲሰማ።

ይህን ስነግረው አንማው ደብተሩን ገለጠ፤
ሊጽፍ መስሎኝ ነበር፤ ዝም ብሎ ተቀመጠ
ከጆንያው ላይ። «እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ከፈልሁ፤
አንዲት ብርጭቆ እንኳ መቼ ወደ ቤቴ ወሰድሁ?
ድንኳኑ ግን አለ። ለዚያ ሰውዬህ ምን ልበል?
ይመለስ ልበል ወይ? ነፍስ ይማር ልበል?»
«ስሙ ማን ነው? የእናቱ ያወጣችለት» አለኝ።
አላውቅም ነበር። ያን ቀን ነው የከበደኝ።

በማግስቱ እድሬን ከፈልሁ ከነቅጣቱ።
ለይኸነው ደወልሁ፦ «ለሽበት፣ የአንድ ወር፣ ይከፈትለት ቤቱ።»
«አብደሃል?» አለኝ። ኮሚሽኑን ግን አልማረኝም።
ሌሊት ከበሩ ቆምሁ። ሽበት አልመጣልኝም።
ስሙ ከዝርዝሩ ላይ እንደ አመድ ደብዝዞ፣
የከፈልሁለት ወር ሄደ፣ ቀን በቀን ተጉዞ።

አሁን ወሩ ሊያልቅ ነው። አንማው ይመጣል፣ አውቃለሁ፤
«ያዋጣል ወይ?» ይለኛል፤ እኔም እመልሳለሁ፦
«አላዋጣኝም፣ ጋሼ። እኔ ግን አዋጣሁ።»
እሱ ያስነጥሳል።
«ይማርህ» እላለሁ።