ሠላሳ ስምንት ዲግሪ

ሳቁን የጀመረው አጎቴ ይማም ነው፤
ከቤቱ ሰው ሁሉ አፉ የሚቀድመው።
«ሁለተኛ ዲግሪ? ይሁን፣ ተማሪ፤
ግን ፖፖ ለመድፋት ያስፈልጋል ዲግሪ?»
ሁሉም ተንከተከቱ።
እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ አልነበረኝም።

የፊተኛው ዲግሪ ግድግዳው ላይ አለ፣
ከነፎቶዬ ጋር፣ አቧራ እንዳዘለ።
እናቴ እንግዳ ሲመጣ «ጂኦሎጂ» ማለት ይከብዳታል፤
«ድንጋይ ተምራ ነው» ትላለች፣
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ክፉ በሽታ ስም።

ድንጋይ አውቅ ነበር። እውነቴን ነው።
የጦሳን ገደል ንብርብር በጣቴ ቆጥሬ፣
ጥቁሩን ባዛልት ከቀዩ አፈር ነጥዬ፣
የቱ እንደ ቀደመ፣ የቱ እንደ ዘገየ
መናገር እችል ነበር፣
መዶሻዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ።

በነሐሴ ዝናብ፣ ከደሴ በላይ፣
አንድ ተዳፋት ሦስት ቤት ይዞ ወረደ።
እኔን የላኩኝ ስንጥቁን እንድለካ ነበር፤
ሜትር፣ ኮምፓስ፣ እርሳስ፣ የጭቃ ቦቲ።
ከቆርቆሮው ሥር ያወጧት ሴት፣ ተዋበች፣
እጄን ለቀም አድርጋ ያዘችኝ፦
«እቴ፣ እግሬ አለ?»

እኔ የማውቀው የዳገቱን ነው።
ሠላሳ ስምንት ዲግሪ፣ ብዬ ጻፍሁ።
ያን ቀን ሌላ ዲግሪ አልነበረኝም።

ከጤና ጣቢያ የመጣች ቀጭን ልጅ
ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ነጠላዋን ቀዳ፣
«አለ እንጂ፣ የኔ እናት፤ ይኸው ይዤዋለሁ» አለቻት።
እኔን የናደኝ ይህ ነው፤
ተራራው አይደለም።

ክፍላችን አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ሁሉም ከሌላ አገር እንደ መጣ፦
የባንክ ገንዘብ ያዥ፣ የታሪክ መምህርት፣
ከሐይቅ የመጣው ሽመክት፣ በዓሣ እርባታ የተመረቀው፣
የመጀመሪያውን ደም አይቶ ዘጭ ያለው።
ሲስተር ዘሙ አልሳቀችም፦
«አብሽር፣ ተነስ። ወለሉም ሥራችን ነው፤
ግን ተኝተህበት አይጠረግም።»

ሌሊት። የወንዶች ክፍል፣ አልጋ ሰባት።
ጋሽ እብሬ፣ የኩታበር ሰው፣ ክንዱ የደረቀ ወንዝ ነው፤
ሁለት ጊዜ ወጋሁት፣ ሁለት ጊዜ ሳትሁ።
«ቀድሞ ምን ነበር ሥራሽ?» አለኝ።
«ድንጋይ።»
«ወላሂ? ታዲያ መዶሻውን አምጪዋ!»
የአልጋ ስምንቱ ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ፣ ስፌቱን በእጁ ደግፎ።
ዓይኔን ጨፈንሁ።
ውሃ እንደሚፈልግ ሰው፣ በጣቴ ጫን፣ ለቀቅ፣
ከቆዳው በታች፣ ከጅማቱ ጎን፣
አንድ ልስልስ ያለ ነገር መለሰልኝ።
ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖፖ ጠየቀኝ፣
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣
የሦስት ቀበሌ ሽማግሌ፣ የስንቱን ደም ያደረቀ ሰው።
አጎቴ ይማም፣ አዎ፣ ደፋሁት።
ሳልደፋው ግን ወደ መብራቱ አነሳሁት፤
ቀለሙን አየሁ፣ መጠኑን ለካሁ፣
ከታች የረጋውን ዝቃጭ አነበብሁ፣
ጻፍሁ።
ዲግሪው የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ይመስለኛል፤
ወይም ከዚያ በኋላ፣ ፊቱን እስኪመልስልኝ ድረስ፣
የዘንድሮ ገብስ እንዴት ነው ብሎ መጠየቁ ላይ።
እርግጠኛ አይደለሁም።

ሊነጋጋ ሲል ቴርሞሜትሩን ከብብቱ አወጣሁ።
ሠላሳ ስምንት ዲግሪ።
ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ።
ያኔ ጽፌው ዞር አልሁ።
ዛሬም ጻፍሁት፤
ከዚያ ፎጣውን አረጠብሁ።