ብልቃጤን ጥጥ አጉርሼ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የበሩ ቁጥር የደበዘዘ፣
ደረጃው መብራት የለውም፤ ሰው የሚወጣው ግድግዳ እየያዘ።
ውኃ ማክሰኞ ሌሊት ትመጣለች፤ ከመምጣቷ በፊት
ቧንቧው ውስጥ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች እንደ ባልቴት።
ከመስኮቴ ማዶ የተረፈች የጤፍ ማሳ፣ ከወዲህ ያልተለሰነ ግድግዳ፣
መሐል ላይ እኔና የስፌት መኪናዬ፣
የተማሪ ደንብ ልብስ የምንሰፋ ሁለት እንግዳ።

ስድስት ዓመት ሆነን፣ እኔና ነጯ ብልቃጥ።
በመጀመሪያው ወር ይዣት ስመጣ፣ ሃይገሩ ጉድጓድ ላይ ሲናጥ፣
እንደ ጸናጽል ተንሿሿች ቦርሳዬ ውስጥ።
ሳል ሳይኖርብኝ ሳልኩ፣ ድምጿን በድምፄ ላፍን፤
አጠገቤ ያለችው ሴት ፈርታ በነጠላዋ አፏን ስትሸፍን
አይቼ ልስቅ ዳዳኝ፤ የፈራችው ሌላውን።

ቤት ገብቼ ፍሬዎቹን በፌስታል ቋጠርኳቸው፣
መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ፣ ከሳሙናው ኋላ ሸሸግኳቸው።
ወር ሳይሞላ ላብ አጠመቃቸው።

ሲስተር ጸዳለ አየች፤ አልጮኸችብኝም፤ ካርዴን ገለጠች፣
በአውራ ጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች፣ እንዲህ አለች፦
«ከብልቃጧ አታውጪያት፤ ያ ቤቷ ነው፤
ከሰው ዓይን ይልቅ የሚጎዳት እርጥበት ነው።
ጨጓራሽ ሲያቃጥል የምታኝኪያት ነጭ ኪኒን አለች አይደል?
ከዚህች ኋላ ሁለት ሰዓት ትቆይ፤ አብሮ መዋጥ ያበላሻል።
ሌላ መድኃኒት ሲያዙልሽ፣ ለሳንባም ይሁን ለራስ ምታት፣
ለጎረቤት ንገሪ አልልም፤ ለሐኪሙ ግን አትደብቂያት።
ብትረሺ፣ ትዝ ባለሽ ጊዜ ዋጪያት፤ እጥፍ ግን አይሆንም፣
የትናንት ዕዳ ከዛሬው ጋር ተደርቦ አይከፈልም።»

ፍሬዎቹን ቀየረችልኝ። ብልቃጧን ከላይ ጥጥ አጎረስኳት፣
የምሽት ሦስት ሰዓት ብዬ በስልኬ ደወል ቀጠርኳት።
በዓመት አንዴ ደሜን ይልኩታል፤ «አይታይም» ብሎ ይመለሳል።
«አይታይም ማለት የለም ማለት አይደለም» አለች ሲስተር ደስታዬን አይታ፣
«ተኝቷል። የምታስተኚው አንቺ ነሽ፣ ማታ ማታ።»

ጥሩአየር ግን፣ አብራኝ ወረፋ የምትጠብቀው፣ የምታስቀኝ፣
«ተጠመቅሁ፣ ተሻለኝ» ብላ ተወችው። ልመናዬም አልያዘልኝ።
እኔም ተጠምቄ አውቃለሁ፤ ኪኒኗንም በጠበሉ ነው የዋጥኳት፤
ሆዴ ውስጥ አልተጣሉም። ሰው ነው የሚያጣላቸው።
በሁለተኛው ክረምት ቦታዋ ባዶ ቀረ።
አሁንም ወረፋ ላይ ስቆም፣ ከፊቴ
አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት እተዋለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ። ዝናብ። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን።
ስልኬ ሞቷል። ለመስከረም የሚደርስ አርባ ኮሌታ ጭኔ ላይ ተከምሮ፣
ግንባሬ መኪናው ላይ ወደቀ፤ ሻማዬም አለቀ አብሮ።

ኳ። ኳ። ኳ።

ግድግዳው ነው። ሦስት ጊዜ። ቆጠርኩ።
ማዶ የሚኖረው ጋሽ ድንበሩ ነው፤ ያላለቀ ሕንፃ የቀን ዘበኛ፣
ከ«እንደምን አመሸሽ» በቀር ቃል የለንም እኛ።
ለካ ብሎኬት ጆሮ አለው፤ ለካ ስንት ምሽት ደወሌን ሰምቶ
ዛሬ ዝም ሲልበት፣ ተክቶት ደወለ በጣቱ አንኳክቶ።

በጨለማ ጀሪካኗን ዳሰስኩ፤ ጥጡን መዘዝኩ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ ብልቃጧን ሳላፍን ነቀነቅኩ።
ተንሿሿች። ዋጥኩ።
ከግድግዳው ማዶም አንድ ነገር ተንሿሿ።
ክብሪት ይሆናል። መብራት የለም፤ ክብሪት ይሆናል።

ማለዳ ደረጃው ላይ ሱሪውን አቀበለኝ፤ «ጫፉን እጠፊልኝ» አለ፤
ስለ ማታው በመሐላችን አንዳች ቃል አልነበረ።
አጠፍኩለት። ደግሞም፣ ሳያዘኝ፣ ከውስጥ በኩል
ኪስ ጨመርኩበት፤ ስፋቱ በብልቃጥ ልክ፣
ገበሩ ጥጥ።

ሲረከበኝ እጁን ሰደደበት፤ ቆየ።
የከፈለኝ የማጠፊያውን ብቻ ነው።