የወንበር ኪራይ

ቺክላዮ ከተማ፣ የመሬት መዝገብ ቤት፣
ሰዓቴን ይዤ ቆምሁ ከሦስተኛው መስኮት።
ሥራዬ መቁጠር ነው፦ የባለጉዳይ ቀን፣
ወረቀቱ ገብቶ ካርታው እስኪወጣ የሚፈጀውን ዘመን።

ከማሻሻያው በፊት መቶ ስድስት ነበር፤
ዛሬ አሥራ አንድ ብቻ፣ በሠንጠረዥ ሲሰፈር።
ኃላፊው ባልታሳር፣ ክራባቱን ጠበቅ፣ ድምፁን ለስለስ አርጎ፣
ሽልማት አሳየኝ፣ ከግድግዳው አውርዶ፣ አቧራውን ጠርጎ።
እኔም «ተሳክቷል» ብዬ ጻፍሁ፣ ቅር ሳይለኝ።

በአራተኛው ቀን ግን ሙቀቱ በረታ፤
ወጣሁ ወደ ደጁ፣ ከአልጋሮቦው ጥላ ላርፍ ለአንድ አፍታ።
እዚያ ኤርሜሊንዳ፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍታ፣
ወንበር ታከራያለች ከንጋት እስከ ማታ።
ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ፣
ግማሽ ሶል ለሰዓት፤
ተራ የሚጠብቅ ተራ ሰው ሁሉ እየተደረደረ።

የተማሪ ደብተር ከጉያዋ አወጣች፤
አምስት ዓመት ሙሉ በእርሳስ ጫር ጫር አርጋ ቀን በቀን ጽፋለች።
«ለውጥ መጣ ሲሉ፣ ወንበሬን ልሸጠው ደላላ ጠርቼ፣
እግዜር ያውቃል ልጄ፣ ሌሊቱን አነጋሁ ዕዳዬን ፈርቼ።
ያኔ በቀን አርባ፤
ዛሬ ሰማንያ አምስት፤ ይኸው ደብተሩ፣ ቁጠሪው።
ሰዓታችሁ ’ሚጀምር ማኅተሙ ሲያርፍ ነው፤
ማኅተም ላዘገየ ማን ቀን ሊቆጥር ነው?
‹ኮፒው ደብዝዟል› ይላል፣ ‹ፊርማው ተጣሟል› ይላል፣ ‹ነገ ተመለሺ›፤
ያ ነገ የሚውለው እኔ ወንበር ላይ ነው፤
እናንተ ጋ የለም፤ ደብተርሽን ፈትሺ።»

ዝም አልሁ።
ወረፋው አልጠፋም፤ ከጣሪያው ሥር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሰፈረ፤
የእኔ አማካይ ቁጥር ከበሩ ወዲያ ነው፣ ጥላ ውስጥ የቀረ።

ደብተሯን ልቀዳ ፈቃድ ስለምናት፣ እርሳሷን ነክሳ ቆየች።
«ይህን ጽፈሽ፣ ሰምተው፣ የምር ቢያፋጥኑት፣
እኔ ሠላሳ ወንበር የት ላድርሰው?» አለች።
መልስ ፈለግሁላት፤ ከቅጼ ላይ አጣሁ።
እሷ ግን ደብተሩን ገፋ አርጋ ሰጠችኝ፤ ገልብጬው ተነሣሁ።

«ቆዪ» አለች፣ መዳፏን ዘርግታ። «ስንት ሰዓት ተቀመጥሽ?»
ሁለት ሰዓት፣ አንድ ሶል። ከፈልሁ።
የእርሳሷን ጫፍ ላሰች፤
ከሰማንያ አምስቱ ሥር አንድ ጭረት ጫረች።