ሳይጠሩ የሚነሱ

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ማብሪያውን ጫን አድርጌ
ጥዬው እወጣለሁ ጀሪካኔን ፈልጌ።
ኮዬ ፈጬ ውሃ በሳምንት ሁለቴ፣
ስልሳ አራት ደረጃ ከቧንቧው እስከ ቤቴ።

አንዱን ይዤ ስገባ ክቧ ነጥብ ትዞራለች፣
ሁለተኛውን ሳስቀምጥ አሁንም ትዞራለች፤
የሶሊያና ፀጉር ተጎንጉኖ አልቆ፣
እርጥብ ያደረ ካልሲዋ ምድጃው ላይ ደርቆ፣
እሷ ግን ትዞራለች።

አስራ አንድ ደቂቃ። በሰዓት ይዤዋለሁ።
የብሎኬት ማምረቻ ሂሳብ እሠራለሁ፤
አቶ ቱፋ ገና ሳይነጋ ይደውላሉ፣
«የትናንቱ ጭነት ተመዘገበ ወይ?» ይላሉ።
«እየተነሳ ነው» እላቸዋለሁ፣
አልጋ ላይ እንደከረመ ዘመድ።

ሰፈሩ ስሙ ፈጬ፣ ዲስኬም አመሉ መፍጨት፤
ሌሊቱን ሙሉ ፈጭቶ አይታይም ዱቄት።
ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ነው፦ አንዱ ቫይረስ፣ አንዱ እርጅና፣
ዘበኛው ሳይቀር «ሙቀት ነው፤ በረንዳ ላይ ይደርና…»

ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ወረድኩ፣ ገመቺስ ጋ፣
የኮንቴይነር ሱቁን ሳይከፍት፣ ገና ሲነጋ።
ስድስት ብሎን ፈትቶ በክዳን ላይ አሰለፈ፣
ማራገቢያውን በብሩሽ ጠርጎ እፍ እያለ አራገፈ።
«በዚህማ» አለ «እትዬ፣ አንድ ብሎኬት ይመረታል።»
አልሳቀም። ገመቺስ ሲቀልድ ፊቱ ይኮሳተራል።

ከዚያ አበራው። ጠበቅን።
የሰው ሳል እንደሚያዳምጥ አንገቱን አዘንብሎ
አንድ ዝርዝር አወጣ፣ «ይዩት እስቲ» ብሎ፣
«እሱ ሲነቃ ስንቱ አብሮ እንደሚነሳ።»

ቆጠርን። ሃያ ሰባት።
ማንም ሳይጠራቸው በሌሊት የሚነሱ፣
ደጁ ሳይከፈት ወንበር የሚወርሱ፤
አንዱ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ የሚጠይቅ፣
አንዱ ፈቃዱ አልፎበት አድሱልኝ ሲል የሚጨቀጭቅ፣
አንዱ ከስድስት ዓመት በፊት ላለፈ ፈተና ሊያስጠናኝ፣
አንዱ ደግሞ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልነገረኝ።

«ይሄ ያስፈልጋል?» «አይ።»
«ይሄስ?» «አይ።» ጠቅ። ጠቅ።
አንዱ ጋ ስንደርስ ግን «ቆይ» አልኩት።

የፕሪንተሩ ነው።
ከውድነሽ ጋር በሽርክና ኮፒ ቤት ሳለን፣
ገላን መታጠፊያው ላይ ሰው ተሰልፎልን፣
ቀለሙ ጣታችን ላይ እያደረ።
የዚህ ቤት ቁልፍ ሲደርሰኝ ቅድመ ክፍያው ጎደለኝ።
ሸጥኩት፤ ሳልነግራት ሸጥኩት። ውድነሽ አኮረፈችኝ።
አራት ዓመት ሆነ።
ለዚህ ግን ማንም አልነገረው፤
በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል፣
የሌለ ገመድ እየዳሰሰ «የት ሄደ?» ይላል፣
መልስ ሲያጣ ትንሽ ይቆያል፣
ደግሞ ይጠይቃል።

«ሁለት ደቂቃውን የሚበላው ይሄ ነው» አለ ገመቺስ፣ «ላጥፋው?»
ውጭ ሲኖትራክ አለፈ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣
ብሎኖቹ በክዳኑ ላይ ተንከባለሉ።
«አጥፋው» አልኩ።
ለውድነሽ ልደውል ስልኬን አወጣሁ።
ካርድ የለኝም። መለስኩት።

የሚፈጨውን ዲስክ ነቅሎ ሌላ ተካበት፣
እንደ ብስኩት የሳሳ፣ መዞርም ጩኸትም የሌለበት።
«በሁለት ጊዜ ይክፈሉኝ» አለ፣ «ግማሹን ለደመወዝ።»

ሰኞ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ማብሪያውን ጫን አድርጌ
ዞር አልኩ እንደ ልማዴ ጀሪካኔን ፈልጌ።
እጀታውን ሳልይዝ ግድግዳው በራ።
አስራ ዘጠኝ ሰከንድ።
የይለፍ ቃል መጻፊያው ተከፍቶ
መስመሯ ብልጭ ድርግም ትላለች፤
ሶሊያና ፀጉሯን እንደበተነች
በር ላይ ቆማ ታየናለች።
አልጮኸ፣ አልፈጨ፤ ዝም ብሎ አፈጠጠብኝ።
ምን እንደምሠራበት ግራ ገባኝ።

«ቆይ፣ እየተነሳሁ ነው» አልኩት፣
ጀሪካኔን አንጠልጥዬ
ስልሳ አራቱን ደረጃ ወረድኩት።