የኦልሻንካ ማረሻ

ኦልሻንካን የፖላንድ ካርታ ይዘነጋታል፣
ባቡሩም ሳይቆም በፉጨት ያልፋታል።
ደወሏን ለመድፍ ጦሩ ቢወስድባት፣
አሮጌ ማረሻ በገመድ ሰቀሉላት።

በዚያ የበረዶ ወር ወንዝ ማዶ ሲራብ፣
ድንቿን ቀበረችው ከጋጣው አጠገብ።
በሯ ተንኳኳ፤ ዝም። ሲነጋ ከደጇ
ትንንሽ ዱካዎች፤ ልካቸው የልጇ።

ዛሬም ሰላምታ አታውቅም፤ እንግዳ ሰው ሲጠጋ
ቦጉሚል ሚዛነኛው፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ጆንያ ድንች ያኖራል ከእንግዳው በራፍ፣
ሳይመዝን፣ ሳያንኳኳ፣ በእግር ጣቱ ጫፍ።

ደወል ተገዛላት፤ ማረሻው አልወረደም፤
ገበሬ ሲቀበር ከሱ ሌላ አይደወልም።
ለነሱ ብረት ነው፤ ለኔ ግን ሲያቃጭል
«ማረሽ፣ ማረሽ» ይላል፤
ማን እንደሆነ ሳይል።